በሁለቱ ድልድዮች መካከል የጎደለው ውሃ

ምንም ነገር ከመለወጡ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው።

ዝናብ ካቆመ ስልሳ ሦስት ቀን ሆኖታል። በላይኛው ድልድይ ሥር በሰከንድ 18.4 ሜትር ኩብ ውሃ ያልፋል። ከዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ፣ በታችኛው ድልድይ ሥር፣ 16.7 ያልፋል። በሁለቱ መካከል ለመስኖ የተቀደደ ቦይ የለም፤ ውሃ የሚስብ ፓምፕ የለም። የእናቴ ቤት ከወንዙ ስምንት መቶ ሜትር ርቆ፣ ማጭድ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። ስሙ የመጣው ከመንገዱ ነው፤ የከተማው መንገድ ሁሉ በገመድ እንደተለካ ቀጥ ብሎ ሳለ ይህ አንዱ ብቻ እንደ ማጭድ ይቆለመማል። ለምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላውቅም። እናቴ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን ትኖራለች፤ ልብስ ትሰፋለች። ጓሮዋ ውስጥ ያለው የውሃ ጉድጓድ፣ እኔ እስከማውቀው፣ ከዓመታት በፊት ደርቆ በቆርቆሮ ተከድኗል።

እነዚህን ሁሉ ከጠረጴዛዬ ሳልነሳ አውቃቸው ነበር። አንዱን ከሌላው ጋር አላገናኘኋቸውም እንጂ።

ሥራዬ የወንዙን ሞዴል መያዝ ነው። ሞዴል ማለት ወንዙን ኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር መሥራት ነው። የዘነበውን እንሰጠዋለን፤ አፈሩ ስንት እንደሚጠጣ፣ ፀሐይ ስንት እንደምታተን እንነግረዋለን፤ እሱ ደግሞ ነገና ከነገ ወዲያ ድልድዩ ሥር ስንት ውሃ እንደሚያልፍ ይነግረናል። ከዚያ ሞዴሉ ያለውንና ወንዙ ላይ የተለካውን በሁለት መስመር አጠገብ ላጠገብ እንስላለን። መስመሮቹ ካልገጠሙ እስኪገጥሙ ድረስ ቁጥሮቹን እንነካካለን። ይህን ሥራ «ማስተካከል» እንለዋለን። በዚህ ቃል ሥር ብዙ ነገር ይሸፈናል።

ከሦስት ዓመት በፊት በታችኛው ድልድይ ላይ መስመሮቹ አልገጥም አሉ። የተለካው ውሃ ሁልጊዜ ሞዴሉ ከሚለው በስድስት በመቶ ያንሳል። ያን ጊዜ የታችኛውን ድልድይ የሚያነቡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የድልድዩ ምሰሶ ላይ በቀለም የተጻፈ መለኪያ አለ፤ እሳቸው ጠዋትና ማታ ሃያ ሁለት ደረጃ ወርደው ውሃው የደረሰበትን በሰማያዊ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። ኃላፊያችን ሰብስቦን ነገሩን በአምስት ደቂቃ ቋጨው። ሰውየው ጉልበታቸው ደክሟል፤ ደረጃውን አይወርዱም፤ ከላይ ሆነው ነው የሚያነቡት፤ ከላይ ሲያዩት ደግሞ ውሃው ዝቅ ብሎ ይታያል አለን። ሄዶ የጠየቃቸው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮ ውስጥ ስማቸው «ጎደሎው» ሆነ። መዝገባቸው በመጣ ቁጥር አንዱ ተነስቶ «ጎደሎው ዛሬስ ስንት አጎደሉ?» ይላል። ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርኩ።

ሞዴሉ ውስጥ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ በሁለቱ ድልድዮች መካከል የሚጠፋ፣ ስድስት በመቶ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የተመልካች ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱ መስመሮች ድርና ማግ ሆኑ። ለዚያ ሥራዬ ተመስግኛለሁ።

ዘንድሮ ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ በእሳቸው ቦታ ድልድዩ ሥር መሣሪያ ተተከለ። የውሃውን ከፍታ በየሩብ ሰዓቱ ራሱ ይልካል። ለአንድ ወር ያህል ሁለቱም፣ መሣሪያውም ሽማግሌውም፣ ጎን ለጎን አንብበው ነበር። በስልሳ ሦስተኛው ቀን ያንን ወር ማወዳደር የእኔ ተራ ሆነ። ስልሳ ጥንድ ቁጥር ነው። ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልኩ አየሁት። ከስልሳው ውስጥ በአንድ ሳንቲሜትር እንኳ የተለያየ ጥንድ አልነበረም።

መሣሪያ ደግሞ ጉልበቱን አያመውም። ስለዚህ ውሃው በእውነት ይጎድላል ማለት ነው።

የጨመርኳትን መስመር ከፍቼ አየሁ። ስድስት ብዬ የጻፍኩበት ቦታ ላይ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ይላል።

እጄን ከማውዙ ላይ አነሳሁ። ያንን ፋይል ከእኔ በቀር የሚነካው ሰው የለም። እኔም አልነካሁትም። ትንሽ ቆይቶ ነው ትዝ ያለኝ፤ ያኔ ለመገላገል ብዬ ያቺን ቁጥር ሳልቆልፋት ትቻት ነበር። ፕሮግራሙ በየሳምንቱ አዲስ ልኬት ሲደርሰው መስመሮቹ እንዲገጥሙ ቁጥሯን ራሱ እየለወጠ ኖሯል። የለውጡ ታሪክ ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ከአሥር ወር ስድስት ላይ ቆየች። ከዚያ ስድስት ነጥብ ሦስት፣ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ፣ ሰባት ነጥብ ስምንት፣ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። በየሳምንቱ አንድ ነገር የበለጠ ውሃ ከወንዙ ይጠጣል፤ በየሳምንቱ የእኔ ሞዴል «ልክ ነው» ብሎ ይፈርምለታል።

ቁጥሯን ዜሮ አደረግሁና ሞዴሉን አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ ይህ የጎደለ ውሃ የመሬቱን ከፍታ ተከትሎ ቢሄድ በየት ይሄዳል? አራት ደቂቃ ፈጀበት። ከዚያ ካርታው ላይ ሰማያዊ ክር ወጣ። ከላይኛው ድልድይ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከወንዙ ተለየ፤ እየተቆለመመ ወደ ከተማው ገባ፤ የማጭድን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለ፤ ከታችኛው ድልድይ በታች ከወንዙ ጋር ተመልሶ ተገናኘ። መንገዱ ለምን እንደሚቆለመም ያኔ ገባኝ። ቤቶቹ የተሠሩት ወንዙ ድሮ በተኛበት ላይ ነው። ክሩ ባለፈበት ላይ አርባ ስድስት ቤት ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠነኛው የእናቴ ነው።

ደወልኩላት። ደህና መሆኗን፣ ሁለት ቀሚስ እንደጨረሰች ነገረችኝ። ልትዘጋው ስትል፣ «ወለሉ ብቻ ያልበዋል» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ቤቱ እንደ ወትሮው ነበር፤ የልብስ ስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ በዘንቢል፣ ጠመኔዋ ጆሮዋ ላይ። የመኪናው ጠረጴዛ ላይ ውሃ የያዘ ብርጭቆ አለ። አየሁት። ፊቱ ላይ ቀጭን ክብ ይወጣና ወደ ጠርዙ ሰፍቶ ይጠፋል፤ ከዚያ ሌላ ክብ። በመንገዱ ላይ መኪና አልነበረም። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ ሠላሳ አንድ።

እናቴ ሳየው አየችኝ። ሦስት ሳምንት እንደሆነው፣ መጀመሪያ የጭነት መኪና መስሏት እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ የክር ጥቅል አንስታ ወለሉ ላይ ለቀቀችው። እኔ ልጅ ሆኜ በዚያ ቤት የወደቀ ጥቅል ሁሉ ወደ በሩ ነበር የሚንከባለለው። ይህኛው ወደ ጓሮው ግድግዳ ተንከባለለና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የቆመበት ቦታ አስቀድሞ በጠመኔ ተከቧል።

«ሁልጊዜ እዚያው ነው» አለች።

ወደ ጓሮ ወጥተን በጉድጓዱ ቆርቆሮ ላይ የተጫነውን ድንጋይ አነሳንና ቆርቆሮውን ገለጥኩ። ቀዝቃዛ አየር ፊቴን መታኝ። ሽታው የጉድጓድ አልነበረም፤ የወንዝ ነበር፤ የርጥብ ድንጋይና የውሃ ሣር ሽታ። ሜትሬ ላይ ድንጋይ አስሬ ወደ ታች ሰደድኩት። ውሃው ከአፉ አምስት ሜትር ከአርባ ላይ ነው። ባልዲ አወረድኩና ስስበው ውስጡ ጣት የምታክል ዓሣ ነበረች። ቀለም የላትም፤ ሆድ ዕቃዋ ይታያል። በሕይወት አለች።

የሰፈር ልጆች ጥለዋት ይሆን ብዬ ጠየቅኳት። እናቴ ዓሣዋን አላየቻትም፤ እኔን ነው ያየችው።

«አራተኛዋ ናት» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«ከቤቴ ታወጪኛለሽ ብዬ።»

ያን ቀን ከእኔ ጋር እንድትሄድ ለመንኳት። ካርታውን አወጣሁላት፤ መነጽሯን አድርጋ ክሩን በጣቷ ተከተለችው፤ የቤቷን ጣራ ለየችና አጥፋ መለሰችልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሰምታለች፤ የእሷ ኢንጂነር ግን ወረቀቷን ይዛ እናቷን ልቀቂ ትላለች። አርባ ዓመት የኖረችበትን ቤት ሥዕል አይታ አትለቅም። ግድግዳው አልተሰነጠቀ፤ ዝናብ የለ። ውሃ ከሆነም ጉድጓድ ውሃ ቢኖረው ምን ይገርማል አለች።

እውነቷን ነው። ማወቅ የነበረብኝ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ውሃው በአፈር ውስጥ እየሰረገ ከሆነ ከወንዙ እስከ ጓሮዋ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ጊዜ አለን። ክፍት ዋሻ አግኝቶ እየፈሰሰ ከሆነ ግን ጊዜ የለንም። ይህን ለመለየት የቆየ ዘዴ አለ። አንዱ ጫፍ ላይ ቀለም ይፈሳል፤ ሌላው ጫፍ ላይ ሰዓት ይዞ የሚጠብቅ ሰው ይቀመጣል። የሚጠብቀው ሰው ዓይኑን የማያነሳ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ከታችኛው ድልድይ አጠገብ ይኖራሉ። በሩን ሲከፍቱልኝ ከየት እንደመጣሁ ነገርኳቸው፤ የሚፈለገውን ነገርኳቸው፤ የቀረውን ግን አላነሳሁም። «እሺ» ብለው ሰማያዊውን መዝገብ ከመደርደሪያ አወረዱ። ሃያ ሁለቱን ደረጃ አብረን ወርደን ወደ መንገዱ ስንወጣ ከእኔ ቀድመው ነበር የደረሱት።

በማግስቱ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከላይኛው ድልድይ ሁለት ኪሎ አረንጓዴ ቀለም አፈሰስኩ። ጉዳት የሌለው፣ ለዚሁ የሚያገለግል ቀለም ነው። ወንዙ እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ሆኖ ወረደ። በወንዙ ዳር ተመልሼ እናቴ ጓሮ ስደርስ አራት ሰዓት ሊሆን ነው። እናቴና ሽማግሌው በርጩማ ላይ ትይዩ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ሳፋ አለ። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ አረንጓዴ ነው።

ሽማግሌው መዝገቡን አዞሩልኝ። በደንብ በተቀረጸ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «3፡41 ቀለም ታየ።»

አርባ አንድ ደቂቃ። በክሩ ላይ ሲለካ ከድልድዩ እስከ ጉድጓዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። እዚያው ቆሜ በመዝገቡ ጀርባ አሰላሁት። ውሃው በሰከንድ ሰማንያ አንድ ሳንቲሜትር ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት የጎደለውን ያህል ውሃ የሚያሳልፍ መንገድ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት ያህል መሆን አለበት። እናቴ ሳታጎነብስ ልትሄድበት የምትችለው ኮሪደር ነው። በቆምንበት ሥር ነው ያለው።

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጆሮዬን ጉድጓዱ አፍ ላይ ደቅኜ ነበር» አሉኝ። «ወራጅ ውሃ አይመስልም። ረጋ ብሎ የሚራመድ ሰው ነው የሚመስለው። ልኬት ስላልሆነ ግን መዝገብ ላይ አላሰፈርኩትም።»

እናቴ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። ሁለቱ ቀለሙን እየጠበቁ ሲያወሩ እንደነበር ያስታውቃል።

«እኚህ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃው ጎድሏል ብለው ጽፈዋል። እናንተ ምን አላችኋቸው?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እናቴ ፊት ግን ይነቅዛል። ሁሉንም ነገርኳት፦ መስመሯን፣ «የተመልካች ስህተት» የሚለውን፣ ቢሮ ውስጥ የወጣላቸውን ስም፣ መሳቄንም። ሽማግሌው መዝገባቸውን እያዩ ሰሙ። ስሙን አያውቁትም ነበር።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጨርቅ ቆርጫለሁ» አለች እናቴ። «ጨርቅ ሲጎድልብኝ ሜትሩን ሰድቤ አላውቅም። ጨርቁ የት ገባ ብዬ ነው የምፈልገው።» ከዚያ ሳፋውን በእግሯ ወደ እኔ ገፋችው። «ሂጂና መጀመሪያ የሳቸውን ስም መልሺ። በወረቀት፣ በፊርማሽ። ይዘሽልኝ ስትመጪ ከቤቴ እወጣለሁ። እስከዚያ ንቅንቅ አልልም።»

ቢሮ ስደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚወጣው የታችኛው ድልድይ መለኪያ አራት ሜትር ተኩል ሲያልፍ እንደሆነ አስታወሰኝ። ያን ሰዓት ሁለት ሜትር ከአሥራ አንድ ነበር። ደመና የሌለበት ሰማይ በመስኮቱ አሳየኝ። በበጋ፣ ወንዙ በቀነሰበት፣ ጎርፍ መጣ ብንል ሰው እንደሚስቅብን ነገረኝ። ደግሞም ያቺ ስድስት በመቶ በሦስት ዓመት ሪፖርት ሁሉ ውስጥ ገብታለች፤ እሷን ማንሳት ሪፖርቱን ሁሉ ማንሳት ነው፤ ፊርማው ደግሞ የእኔ ነው። ምክንያቶቹ ውሃ የሚያነሱ ነበሩ። እኔም ራሴ ለሦስት ዓመት የተጠቀምኩባቸው ናቸው።

አራት መስመር ጻፍኩ። የታችኛው ድልድይ ተመልካች ንባብ ሁሉ ትክክል እንደነበር፤ «የተመልካች ስህተት» ብዬ ያሰፈርኩት የእኔ ስህተት እንደሆነ፤ ውሃው ከማጭድ መንገድ ሥር እንደሚሄድ፤ ቀለሙ በአርባ አንድ ደቂቃ እንደደረሰ። ለኃላፊው፣ ለሰፈሩ አስተዳደር፣ ለእሳት አደጋ ላክሁት። አንዱን አተምኩ።

ኃላፊው ማያ ገጹ ላይ አነበበው። አንገቱን ቀና አደረገ።

«አርባ አንድ ደቂቃ ነው ቀን?»

«ደቂቃ።»

እንደገና አነበበው። ከዚያ ስልኩን አነሳ። መንገዱ ለፍተሻ እንዲዘጋ፣ ሰዎቹ እስከ ማታ ከቤት እንዲወጡ ሲያዝ እየሰማሁ ወጣሁ።

ማጭድ ስደርስ ሰባት ተኩል ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በር ያንኳኳሉ። ሰው እያጉረመረመ ይወጣል፤ አንዱ ጎረምሳ የዋና ልብሱን ይዞ መውጣት እንዳለበት ጠየቀ፤ ሳቁበት። እናቴ በርጩማዋ ላይ እንዳለች ናት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። እሳቸውም አነበቡት፤ በአራት አጥፈው መዝገቡ ውስጥ ሊያስገቡት ሲሉ ቆሙ።

«ቀን አልጻፍሽበትም» አሉኝ።

ጻፍኩበት።

እናቴ ቃሏን ጠበቀች። የስፌት መኪናውን ጭንቅላት ከጠረጴዛው ፈታን። ብርጭቆውን ለመውሰድ እጄን ስዘረጋ የውሃውን ፊት አየሁት። መስተዋት ይመስላል። ሰዓቴን ይዤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠበቅኩ። አንድም ክብ አልወጣም። እናቴ የክር ጥቅሉን ወለሉ ላይ ለቀቀችው፤ በለቀቀችው ቦታ ላይ ቆመ።

ሽማግሌው ከጓሮ ተመለሱ። «ድምፁ ቆሟል» አሉ። ሜትሬን ይዘዋል፤ እስከ የት እንደረጠበ በጥፍራቸው ይዘውታል። ውሃው ከአፉ አንድ ሜትር ከአሥር ላይ ነው። ጠዋት ቀለሙን ሲጠብቁ አምስት ሜትር ከአርባ ነበር።

ከሥራችን ያለው የውሃው መንገድ ተደፍኖ ውሃው መሄጃ አጥቷል ማለት ነው። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩትም። የመኪናውን ጭንቅላት ታቅፌ ወጣሁ፤ እናቴ በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ደረቷ ውስጥ አስገባችው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስከዘረጉት ገመድ ድረስ እንደ ወትሮዋ ረጋ ብላ ሄደች። እርምጃዋን ሳላስበው እቆጥር ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ የማጭድ መንገድ ሰመጠ። ፍንዳታ አልነበረም። አንድ ትልቅ ሰው ረጅም ትንፋሽ እንደሚያወጣ ያለ ድምፅ ነው የሰማነው። የመብራት ምሰሶዎቹ ተራ በተራ፣ ሳይቸኩሉ፣ ወደ መካከል ዘመም አሉ። ከዚያ ውሃው ወጣ፤ አልደፈረሰም፤ አልጮኸም፤ ጥርት ያለና ትንሽ አረንጓዴ ነበር። ሰማዩ ላይ ደመና የለም። መቶ ዘጠና ሜትር መንገድና አሥራ አንድ ቤት፣ የእናቴ ቤት ጭምር፣ ሄደ። በውስጣቸው ሰው አልነበረም።

እናቴ የእኔን ክንድ ይዛ ውሃው ረግቶ እስኪቆም አየችው። «የቆመው ጠመኔ ያደረግኩበት ላይ ነው» አለች፤ ልክ ነበረች፤ ጥልቁ ቦታ ከጓሮው ግድግዳ ሥር ነው። በገመድ አስለካሁት፤ ስድስት ሜትር ከሃያ።

በማግስቱ ጠዋት መሣሪያውን አላመንኩትም። ሽማግሌው ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወረዱ፤ እኔም ከኋላቸው ወረድኩ። ጎንበስ ብለው ምሰሶው ላይ ያለውን ቁጥር አነበቡ፤ በሰማያዊው መዝገብ ላይ ጻፉ፤ እኔም ወደ ውሃ መጠን አሰላሁት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ የላይኛው ድልድይ፦ 18.4። የታችኛው ድልድይ፦ 18.4።